ውሃ፣ መጸዳጃ ቤትና እርሻ በህንድ ገጠር

ህንድ ከዓለም ሕዝብ 18 በመቶ ያህሉን ይዛ የደረሳት ንጹህ ውሃ ከዓለም 4 በመቶ ገደማ ነው። ከዓመቱ ዝናብ ሦስት አራተኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት የሞንሱን ወራት ወርዶ ያበቃል። የቀሩትን ስምንት ወራት የገጠሩ ሰው የሚገፋው ባጠራቀመው ወይም ከመሬት ሥር በሚስበው ውሃ ነው። የገበሬው ይዞታም ጠባብ ነው፤ በ2015–16 በተደረገው የግብርና ቆጠራ አማካይ ይዞታው 1.08 ሄክታር ነበር (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ጥንት መንደሮች በኩሬ፣ በደረጃ በሚወረድባቸው ጥልቅ ጉድጓዶችና በአፈር ግድብ ይኖሩ ነበር። እንግሊዞች በሰሜን ምዕራብ ባለችው ፑንጃብ ውስጥ ትላልቅ የመስኖ ቦዮች ዘረጉ፤ በ1882 ያወጡት ሕግ ደግሞ ከማሳው ሥር ያለውን ውሃ የመሳብ መብት ለባለ መሬቱ ሰጠ። ይህ መርህ በአብዛኛው እስከ ዛሬ አልተነሳም። መሬት የሌለው ሰው በከርሰ ምድር ውሃም ላይ ድምፅ የለውም ማለት ነው።

ውሃ በካስት፣ ማለትም በትውልድ በሚወረስ የማኅበራዊ ደረጃ ሥርዓትም የተከለለ ነበር። ከሁሉ በታች የተመደቡት ዳሊቶች ከላይኞቹ ወገኖች ጉድጓድ መቅዳት አይፈቀድላቸውም ነበር። ማርች 20 ቀን 1927 የዳሊቶች መሪ ዶክተር ቢ. አር. አምቤድካር በሺዎች የሚቆጠሩ ተከታዮቻቸውን ይዘው ማሃድ በምትባለው ከተማ ወደ ቻቭዳር ኩሬ ወረዱና በአደባባይ ጠጡ። የላይኞቹ ወገኖች ኩሬው ረክሷል ብለው የማንጻት ሥርዓት አደረጉበት። ጉዳዩ በፍርድ ቤት ለዳሊቶቹ የተፈረደው በ1937 ነው።

ዛሬ ያለው የውሃ ችግር መልኩን የያዘው በአረንጓዴው አብዮት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የምትበላው ከውጭ በሚመጣ ስንዴ ነበር። በሳይንቲስቶቹ በኖርማን ቦርሎግና በኤም. ኤስ. ስዋሚናታን ስም የሚታወቁት አጫጭር የስንዴ ዝርያዎች ፑንጃብና ጎረቤቷ ሃርያና ሲገቡ፣ ከማዳበሪያና ከመስኖ ጋር ተዳምረው ምርቱን በጥቂት ዓመታት ከፍ አደረጉት። ይህ ረሃብን የመለሰ ታላቅ ሥራ መሆኑን መካድ አይቻልም። ዋጋው ግን የተከፈለው ከመሬት ሥር ነው። መንግሥት ስንዴንና ሩዝን አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ስለሚገዛ፣ ፑንጃብ ድሮ ብዙም የማታውቀውን ሩዝ በሰፊው መትከል ጀመረች። በ1997 ደግሞ ለገበሬው ፓምፕ የሚሆን ኤሌክትሪክ በነጻ ተሰጠ። ቆጣሪ የማይቆጥርበት ፓምፕ ውሎ ያድራል። አሁን ፑንጃብ በየዓመቱ የምታወጣው ውሃ ወደ መሬት ከሚሰርገው ከ150 በመቶ በላይ ነው። ውሃው በራቀ ቁጥር ጥልቅ ማስቆፈርና ትልቅ ሞተር መግዛት ይመጣል፤ ለዚህ የሚበደረው ደግሞ በአብዛኛው ትንሹ ገበሬ ነው። በአገር ደረጃ ህንድ የምትስበው የከርሰ ምድር ውሃ አሜሪካና ቻይና ተደምረው ከሚስቡት ይበልጣል፤ ከዚህም ከአሥሩ ስምንት እጅ በላይ የሚሄደው ወደ እርሻ ነው።

ፑንጃብ በ2009 ሞንሱን ሳይቃረብ የሩዝ ችግኝ እንዳይተከል በሕግ ከለከለች። ይህም ውሃ አድኗል ይባላል። አጨዳው ግን ወደ ስንዴ መዝሪያው ተጠጋ፤ ገበሬውም ጊዜ ሲያጥረው ገለባውን ማሳው ላይ ያቃጥላል። በጥቅምትና በኅዳር ዴልሂን የሚያፍነው ጭስ በከፊል ከዚህ የመጣ መሆኑን የሚናገሩ ተመራማሪዎች አሉ።

የመጠጥ ውሃው ታሪክ ሌላ መንገድ ተጉዟል፤ በገጠር ውሃ ሥራ ላለን ሰዎችም እጅግ ትምህርት ያለው ነው። ከ1967ቱ የቢሃር ድርቅ ወዲህ ዩኒሴፍ ጠንካራ አለት የሚበሱ መቆፈሪያዎች አስገባ፤ ጉድጓዱ ግን ከፓምፑ ቀደመ። ለአንድ ቤተሰብ ታስበው የተሠሩት የብረት የእጅ ፓምፖች መንደር ሙሉ ሲቀዳባቸው ወዲያው ይሰበሩ ነበር፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲቆጠሩ አብዛኞቹ ተበላሽተው ተገኙ። መፍትሔው የመጣው ከዚያው ከአገሬው፣ ሾላፑር አካባቢ ከተሠራ ጠንካራ ፓምፕ ነው። የህንድ መንግሥት፣ ዩኒሴፍና ማድራስ የሚገኝ አንድ የመሣሪያ ፋብሪካ እሱን አሻሽለው ኢንዲያ ማርክ ሁለትን አወጡ። ቀጥሎ የመጣው ማርክ ሦስት፣ ቧንቧው ሁሉ ሳይነቀል የመንደር ጠጋኝ ፒስተኑን እንዲያወጣ አስቻለ። ፓምፑ የፈጠራ ባለቤትነቱ ስላልታጠረ ማንም ፋብሪካ ሊሠራው ቻለ፤ ወደ አፍሪካም ተሻግሮ በአገራችን ገጠሮች ጭምር ውሃ ቀድቷል።

የጉድጓድ ውሃ ጥርት ማለቱ ግን ጤናማነቱን አያረጋግጥም። በምዕራብ ቤንጋል በ1980ዎቹ ሰዎች ቆዳቸው እየጠቆረና እየሻከረ ወደ ሐኪም መጡ፤ መንስኤው ከወንዝ ውሃ ይሻላሉ ተብለው የተቆፈሩት ጉድጓዶች የያዙት አርሰኒክ ነበር። በራጃስታንና በደቡብ ህንዷ ናልጎንዳ አውራጃ ችግሩ ጥርስንና አጥንትን የሚጎዳው ፍሎራይድ ነው። በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ ፍሎራይድን የሚቀንሰው የናልጎንዳ ዘዴ በእኛም ስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል።

ወደ መጸዳጃ ቤት ስንመጣ፣ በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ሽንት ቤት የነበረው የገጠር ቤተሰብ ከ31 በመቶ አይበልጥም ነበር። ስዋች ባራት የተባለው ዘመቻ በጋንዲ ልደት ቀን፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2014 ተጀመረ። ለአንድ ቤተሰብ 12,000 ሩፒ ድጎማ ተመድቦ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሽንት ቤቶች መሠራታቸውን መንግሥት ገለጸ፤ በአምስተኛ ዓመቱም የገጠሩ ሕንድ ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት ነጻ ወጣ ተብሎ ታወጀ። ከ2019 እስከ 2021 የተደረገው የራሱ የመንግሥት የቤተሰብ ጤና ጥናት ግን ከገጠር ቤተሰቦች 26 በመቶው ምንም መጸዳጃ እንደሌላቸው አሳየ። አዋጁ እውነታውን ቀድሞታል፤ ለውጡ ግን ትልቅ ነው። በተለይ ጨለማን ጠብቀው ሜዳ ይወጡ ለነበሩ ሴቶች ትርጉሙ በቁጥር አይለካም።

ከግንባታው የከበደው አጠቃቀሙ ሆኖ ተገኝቷል። በ2014 በሰሜን ህንድ በተደረገ ጥናት፣ የሚሠራ ሽንት ቤት ካላቸው ቤቶች ከ40 በመቶ በላይ በሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሰው አሁንም ሜዳ ይወጣ ነበር። ጉድጓዱ ሲሞላ ማን ይጠርገዋል የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ካስት ላይ ያርፋል። ዓይነ ምድርን በእጅ ማስጠረግ በ1993 እና በ2013 ሕጎች ቢከለከልም ዳሊቶች ላይ የተጣለው ሸክም አልወረደም። ባለ ሁለት ጉድጓዱ ሽንት ቤት ለዚህ የታሰበ ነው፤ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ይዞራል፣ የተዘጋው ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ሽታ አልባ ማዳበሪያ ሆኖ ማሳ ላይ ይበተናል። ቢንደሽዋር ፓታክ በ1970 የመሠረቱት ሱላብ የተባለ ድርጅት ይህን ንድፍ በሰፊው አስተዋውቋል።

ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው መንደሮች ራሳቸው ያደረጉት ነው። በራጃስታን አልዋር አውራጃ ራጀንድራ ሲንግና ታሩን ባራት ሳንግ የተባለው ድርጅታቸው ከ1985 ጀምሮ ከነዋሪው ጋር ጆሃድ የሚባሉትን የቀድሞ የአፈር ግድቦች ማደስ ያዙ። ግማሽ ጨረቃ የሚመስለው ግድብ ጎርፉን ይይዝና ወደ መሬት ያሰርገዋል። ደርቀው የነበሩ ጉድጓዶች ሞሉ፤ በ1990ዎቹ አጋማሽም አርቫሪ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ መፍሰስ ጀመረ። ዝናቡ የጠገበባቸው ዓመታት አስተዋጽኦ ነበራቸው የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ቢሆንም ወደ 70 የሚሆኑ መንደሮች በ1999 የወንዝ ሸንጎ አቋቁመው ማን ምን እንደሚዘራ መመካከራቸውን ዝናብ አያመጣውም።

በማሃራሽትራ ያለችው የሂዋሬ ባዛር መንደር ከዚህም አልፋ ሄዳለች። የመንደሩ ሹም በነበሩት በፖፓትራኦ ፓዋር መሪነት ነዋሪው በየዓመቱ የወረደውን ዝናብ ለክቶ በሸንጎ ይበጅታል፤ መጀመሪያ ለመጠጥ፣ ቀጥሎ ለከብት፣ የተረፈው ለማሳ። ለመስኖ ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈርና ሸንኮራ አገዳ መትከል ክልክል ነው። በዚያው ክፍለ ሀገር ሸንኮራ ከእርሻ መሬቱ 4 በመቶ ያህሉን ይዞ ከመስኖ ውሃው ትልቁን ድርሻ እንደሚወስድ ሲታሰብ ውሳኔያቸው ይገባል። በ2016 ድርቅ የሸንኮራ አገር ለሆነችው ላቱር ውሃ የተጫነው በባቡር ነበር።

በኦገስት 2019 የተጀመረው ጃል ጂቫን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የገጠር ቤት የቧንቧ ውሃ ለማድረስ ተነሳ። ያኔ 17 በመቶ የነበረው ሽፋን አሁን ከ150 ሚሊዮን ቤቶች በላይ ደርሷል ይላል መንግሥት፤ የማጠናቀቂያው ጊዜም ከ2024 ወደ 2028 ተገፍቷል። ብዙዎቹ ቧንቧዎች ግን የሚሞሉት የእርሻ ፓምፕ ከሚቀዳበት ከዚያው የከርሰ ምድር ውሃ ስለሆነ፣ በበጋ የሚደርቁ አሉ። አታል ቡጃል የተባለው ሌላው ፕሮግራም ከ8,000 በላይ በሆኑ የመንደር ምክር ቤቶች የሂዋሬ ባዛርን ዓይነት የውሃ በጀት ለማስለመድ ሰባት ክልሎችን መርጧል። ራጃስታን፣ ጉጃራት፣ ሃርያናና ማሃራሽትራ አሉበት፤ ፑንጃብ ግን አልገባችም።