በኤሌክትሮኬሚካል ብረት መብሳት ላይ ያሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳር የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ስለ ቀዳዳ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታሰበው ትራፓኖ (የመብሻ ማሽን) እና ፑንታ (በእርሱ ላይ የሚሽከረከረው መብሻ ጫፍ) ነው፤ ስለዚህም በኤሌክትሪክና በጨው ውሃ ስለሚከናወነው ኤሌክትሮኬሚካል መብሳት ሲወራ፣ በፑንታ የተለመደው እምነት ሁሉ ሳይመረመር ወደዚያ ይሻገራል። በዚህ ዘዴ የሚበሳው ብረት ከፖዘቲቭ፣ ቱቦ መሰሉ መሣሪያ ከኔጌቲቭ ጋር ይያያዛል፤ በሁለቱ መካከል ባለው ከአንድ ሚሊ ሜትር በሚያንስ ክፍተት ኤሌክትሮላይት፣ ማለትም ጨው የሟሟበት ውሃ፣ በግፊት ያልፋል፤ ብረቱም ሳይነካ እየሟሟ ይሄዳል። የቀዳዳውን ልክ የሚወስነው ይህ ክፍተት ነው።

«ቀዳዳው ከመሣሪያው ከሰፋ ሥራው ተበላሽቷል።»

ቀዳዳው ምንጊዜም ከመሣሪያው ይሰፋል። ይህ ትርፍ ስፋት ከላይ እስከ ታች እኩል ከሆነ መሣሪያውን በዚያው ልክ አሳንሶ መሥራት ይበቃል። እውነተኛው ስሕተት ትርፉ ሲለዋወጥ ነው፦ የቱቦው ጎን ያልተሸፈነ ከሆነ፣ መሣሪያው ወደ ታች በሄደ ቁጥር ቀደም ብሎ የተበሳው ግድግዳ መሟሟቱን ስለሚቀጥል፣ አፉ የሰፋ ታቹ የጠበበ ቀዳዳ ይወጣል። መፍትሔው ጫፉን ብቻ ትቶ የቱቦውን ውጫዊ ጎን ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር መሸፈን ነው።

«ቀስ ብሎ መግፋት ትክክለኛ ቀዳዳ ይሰጣል።»

ለመቀበል የሚያስቸግረው ይህኛው ነው፤ ምክንያቱም የፑንታ ልምድ ሁሉ ተቃራኒውን ያስተምራል። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ የመሣሪያው ፍጥነት በግማሽ ቢቀነስ፣ ከፊት ያለው ክፍተት በግምት በእጥፍ ይሰፋል፤ ክፍተቱ ሲሰፋም ጎኑ ያለ ፍላጎት ይበላል። ስለዚህ ፈጠን ማለት ይሻላል፤ ወሰኑ ግን መሣሪያው ብረቱን ነክቶ ሾርት የሚያደርግበት ነጥብ ነው። ቮልቴጅ መጨመርም እንዲሁ ክፍተቱን ያሰፋል፤ የቀዳዳውን ትክክለኛነት አያሻሽልም።

«ጠንካራ ብረት ያስቸግራል።»

ጥንካሬ እዚህ ቦታ የለውም። በፋራዴይ ሕግ መሠረት 1 አምፔር በ1 ደቂቃ 17 ሚሊግራም ገደማ ብረት ያሟሟል፤ ብረቱ በእሳት ቢጠነክርም ባይጠነክርም ልኬቱ ያው ነው። ልዩነት የሚያመጣው የብረቱ ኬሚካላዊ ይዘት ነው።

«ጨው ያው ጨው ነው፤ ውሃም ያው ውሃ ነው።»

የጣና ውሃ የሟሟበት ጨው በጣም ጥቂት በመሆኑ ብቻውን ለዚህ ሥራ የሚበቃ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጨው ቢሟሟበት እንኳ፣ በተለይ ክረምት ወንዞቹ ደለል ይዘው ሲገቡ፣ በደንብ ካልተጣራ ጠጣሩ ጠባቧን ክፍተት ይዘጋል። የጨው ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። የወጥ ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ከረንቱ ደካማ በሆነበት ቦታም ብረትን ስለሚያሟሟ የቀዳዳውን ዳር ያሰፋል። ሶዲየም ናይትሬት ግን ከረንቱ ሲደክም በብረቱ ገጽ ላይ መከላከያ ሽፋን ስለሚፈጠር ማሟሟቱን ይቀንሳል፤ ሥራው በጫፉ ፊት ለፊት ይወሰናል። ፍጥነቱ ቢያንስም፣ ልኩ ለሚያሳስበው ሰው እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

«መጀመሪያ የተስተካከለ መሣሪያ እስከ መጨረሻ ይሠራል።»

ኤሌክትሮላይቱ በየ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ከረንት የማስተላለፍ አቅሙ በ2 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ጠዋትና ከሰዓት የተበሱ ቀዳዳዎች በልክ ሊለያዩ ይችላሉ። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ንጹሕ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የሙቀቱ ጣሪያም ዝቅ ይላል። ከመሣሪያው የሚወጣው የሃይድሮጅን አረፋ ደግሞ አቅሙን መልሶ ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱን መቆጣጠር፣ ከረንቱንም በማያቋርጥ ፍሰት ፈንታ በአጫጭር ምት መስጠት ይጠቅማል፤ በምቶቹ መካከል አረፋውና ዝቃጩ ተጠርገው ይወጣሉ።

መሣሪያው ራሱ እንደ ፑንታ አይደንዝም፤ በእርሱ ላይ ሃይድሮጅን ይፈጠራል እንጂ ማሟሟት አይካሄድምና። የሚያረጀው የጎን ሽፋኑ ነው፤ በትንሹ የተላጠ ቦታ ቀዳዳውን በዚያ በኩል ስለሚያሰፋ፣ ከየሥራው በፊት በአጉሊ መነጽር ሊመረመር ይገባል።