የሮማ ሙዚቃ ዲጄ እጅ ሲገባ

ሮማ ስል የጣሊያኗ ከተማ እንዳትመጣባችሁ። የማወራው ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከህንድ ሰሜናዊ ክፍል ተነስተው አውሮፓ ስለገቡት ሕዝብ ነው። ብዙ ሰው "ጂፕሲ" ይላቸዋል፤ ብዙዎቹ ግን ስሙን እንደ ስድብ ስለሚያዩት ሮማ ብንል ይሻላል። አውሮፓ ጭፈራ ቤቶች ውስጥ "ባልካን ቢትስ" እየተባለ ሰው የሚያስዘልለው ሙዚቃ፣ ከሥሩ ቢቆፈር አብዛኛው የእነሱ የሠርግ ሙዚቃ ነው።

ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ሩማንያ ውስጥ ክሌዣኒ የምትባል መንደር አለች፤ ታራፍ ደ ሃይዱክስ የሚባለው ባንድ የወጣው ከዚያ ነው። ከባንዱ ሽማግሌዎች አንዱ የነበረው ኒኮላይ ንያክሹ ቫዮሊን ላይ የሚሠራት ነገር ነበረችው። ከደጋኑ አንድ ጭራ ይወስድና ክሩ ላይ ያስረዋል፣ ከዚያ ጭራውን በጣቶቹ ጨምቆ እየሳበ ያስጮኸዋል። የሚወጣው ድምፅ ሻካራና የሚያቃስት ነው። ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ነው ብትባሉ ታምናላችሁ፤ ሰውየው ግን ከጭራና ከጣት ሌላ ምንም አልያዘም።

ሌላው ወገን ጥሩምባው ነው። በኦቶማን ዘመን ከወታደር ባንድ የወረደ ነው ይባላል፤ ሰሜን መቄዶንያ ውስጥ ኮቻኒ ኦርኬስታር፣ ሩማንያ ውስጥ ደግሞ ፋንፋሬ ቾካርሊያ በዚህ ይታወቃሉ። ፋንፋሬዎቹ ሲፈጥኑ በደቂቃ ከ200 ምት ያልፋሉ፤ ሃውስ የሚባለው የተለመደው የክለብ ሙዚቃ 125 አካባቢ ነው። ሠርግ ላይ ደስ ያለው ሰው ተነስቶ የጥሩምባ ነፊው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። ይሄን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ አዝማሪ ቤት ገብቶ የማያውቅ ካለ ብቻ ይጠይቅ።

ዲጄው ጋ ሲደርስ ጣጣው የሚጀምረው ምቱ ላይ ነው። ቾቼክ የሚባለው ጭፈራ ብዙ ጊዜ ባለ 9 ምት ነው፣ 2፣ 2፣ 2 እና 3 ተብሎ ይቆጠራል። ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ መጨረሻው ላይ አንድ እግር የተረፈ ይመስላል። የክለብ ከበሮ ደግሞ ከ4 ንቅንቅ አይልም። በዚያ ላይ ባንዱ ሞቅ ሲለው ይፈጥናል፣ ማሽን አይፈጥንም። ስለዚህ አንዱ ዲጄ መጀመሪያውኑ ባለ 4 ምት ዘፈን ይመርጣል፣ ሌላው ቀረጻውን ኮምፒውተር ላይ እየሳበና እያሳጠረ ልክ ያስገባዋል፣ ሰነፉ ደግሞ ሁለት ሰከንድ ጥሩምባ ቆርጦ ሌሊቱን ሙሉ ያዞራታል። እኔ የመጨረሻውን አልወደውም፤ ያቺ የተረፈችው እግር ከጠፋች ምን ቀረ?

ነገሩ የተስፋፋው ጀርመን ውስጥ ነው። ሮበርት ሶኮ የተባለ የቦስኒያ ሰው በርሊን ውስጥ ታክሲ እየነዳ፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክሮይዝበርግ ሰፈር በምትገኝ አንዲት ቡና ቤት ለዩጎዝላቪያ ስደተኞች ሙዚቃ ያጫውት ነበር። የፍራንክፈርቱ ሻንቴል ደግሞ የእናቱ ቤተሰብ በመጣበት በቡኮቪና ስም ድግስ አዘጋጀ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. "ቡኮቪና ክለብ" የሚል የዘፈን ስብስብ አወጣ። በዚያው ዓመት ክራምድ ዲስክስ የተባለው የብራስልስ አሳታሚ የታራፍንና የኮቻኒን ሥራዎች ለዲጄዎች ሰጥቶ እንደገና አሠራቸው።

ሶኮም ሻንቴልም ሮማ አይደሉም። ቅሬታው እዚህ ጋ ነው፤ ፖስተሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዲጄው ስም ነው፣ ጥሩምባውን የሚነፉት ግን የሮማ ሰፈር ልጆች ናቸው። ለፍትህ ያህል፣ እነዚያ ድግሶች ለባንዶቹም አዲስ አድማጭ አምጥተዋል።

ደግሞ ሮማዎቹ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከዲጄ አልተማሩም። ሩማንያ ውስጥ በ1989 እ.ኤ.አ. የኮሙኒስቱ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የፈነዳው ማኔሌ የሚባል የሙዚቃ ዓይነት በኪቦርድና በከበሮ ማሽን የሚሠራ ነው፣ ዘፋኞቹም በብዛት ሮማ ናቸው። የተማረው ወገን "ወራዳ ሙዚቃ" ብሎ ይጠየፈዋል፣ ሠርጉ ላይ ግን ራሱ ይጨፍርበታል። ዘፋኙ በአንድ እጁ ማይክ ይዞ በሌላው ብር ይቀበላል፣ ዘፈኑን ሳያቋርጥ የከፋዩን ስም ይጠራል፦ ይሄ ከእገሌ ለወንድሙ፣ ይሄ ከእገሌ ለሙሽራዋ። ብሩ እስካላለቀ ዘፈኑም አያልቅም።