ኦፕንቢኤስዲ፦ ተቆልፎ የሚመጣው ኦፕሬቲንግ ሲስተም

ኦፕንቢኤስዲ ከዩኒክስ ዘር የሚቆጠር፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ቴዎ ደ ራት ኔትቢኤስዲ በሚባል ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ አብረውት ከሚሠሩ ባልደረቦቹ ጋር ተጣልቶ ስለነበር፣ ኮዱን ይዞ ጎጆ ወጣ። መቀመጫው ካናዳ፣ ካልጋሪ ነው። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ሥራውን ሳይጠቀምበት አይቀርም። ከርቀት ሰርቨር ውስጥ የሚገባበት ኦፕንኤስኤስኤች በ1999 ከዚሁ ቤት የወጣ ነው።

የሚታወቀው በአንድ ግትር አቋም ነው። ሲስተሙ ሲጫን ነገሩ ሁሉ ዝግ ይሁን፤ የሚፈልግ ራሱ ይክፈት። አብዛኞቻችን አንዴ ከጫንን በኋላ ሴቲንግ ዞር ብለን አናይማ! ስለዚህ የዌብ ሰርቨሩ አብሮ ይመጣል፣ ግን ተኝቶ ነው። የሜይል አገልግሎቱ ከራሱ ማሽን ውጭ የሚመጣ ጥሪ አይቀበልም። ሲጫን ሁሉን ማድረግ ስለሚችለው የአስተዳዳሪ አካውንት፣ ስለ ሩት፣ «ሩት በኤስኤስኤች ይግባ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሳያነብ ኢንተር ለሚጫን ሰው መልሱ «አይ» ነው።

ፕሮጀክቱ በዚህ ይኩራራል። በዲፎልቱ ላይ፣ ማለትም እንደተጫነ ባልተነካው ሲስተም ላይ፣ ከርቀት የሚያስገባ ቀዳዳ የተገኘው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ይላል። አንዱ በ2002 በራሱ በኦፕንኤስኤስኤች፣ ሌላው በ2007 በአይፒቪ6 (በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ኮድ ውስጥ ነበር። መፈክሩ ትንሽ ብልጠት አለበት ባይ ነኝ። የሚቆጥረው ማንም ምንም ያልጨመረበትን ማሽን ነው። ከውጭ ፓኬጅ (ተጨማሪ ፕሮግራም) የጫነ ሰው ግን ከዚያ ቆጠራ ወጥቷል።

ጥንቃቄው በነፃ አይገኝም። በ2018 የወጣው 6.4 ቨርዥን ሃይፐርትሬዲንግን፣ አንዱን የፕሮሰሰር ኮር ሁለት ሥራ በአንዴ የሚያሠራውን ዘዴ፣ በዲፎልት አጠፋ። በአንድ ኮር ላይ የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች አንዱ የሌላውን ሚስጥር ሊሰልል ይችላል የሚል ስጋት ነበር። አንዳንድ ሥራ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በዚያው ቨርዥን ማይክሮፎንም ተዘጋ፤ መቅጃው ሥራውን ይሠራል፣ የሚቀዳው ግን ዝምታ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው በቪዲዮ ስብሰባ መሀል «አይሰማም!» ሲባል ኬብል ሲነቅል ሲሰካ ይውላል። መፍትሔው አንዲት የትእዛዝ መስመር ናት።

አዲስ ቨርዥን በየ6 ወሩ ይወጣል። ጥገና የሚደርሰው ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቨርዥኖች ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ቨርዥን ዕድሜው አንድ ዓመት ገደማ ነው። መዝለል አይፈቀድም። ሁለት ቨርዥን የዘገየ ሰው ሁለቴ አፕግሬድ ያደርጋል። ድሮ በእጅ የሚሠራ አድካሚ ሥራ ነበር። አሁን ሲስአፕግሬድ የሚባል ትእዛዝ አለ። ፋይሎቹን ያወርዳል፣ ፊርማቸውን ያረጋግጣል፣ ሪስታርት አድርጎ ይጭናል፣ ደግሞ ሪስታርት ያደርጋል። ያን ሰዓት መብራት እንዳይሄድ መጸለይ ነው። ፓኬጆቹን ማደስ ደግሞ ለብቻው የሚቀር ሥራ ነው።

ከመጀመር በፊት የቨርዥኑን የአፕግሬድ መመሪያ ማንበብ ግድ ነው። እነዚህ ሰዎች ለአሮጌ ነገር አያዝኑም። በ2014 የጊዜ ቆጠራውን ወደ 64 ቢት ሲያሳድጉ የ2038ን ችግር (የድሮው 32 ቢት ቆጠራ በዚያ ዓመት የሚሞላበትን) ቀድመው ዘጉ፤ የድሮ ፕሮግራሞች ግን አዲሱ ላይ አልሠሩም። በ2015 ደግሞ ሱዶን (ትእዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ከዋናው ሲስተም አውጥተው ዱአስ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ተኩ። ሱዶ የለመደው እጅ ፓኬጁን ለብቻው ይጭናል።

አፕግሬዱ የማይነካው ነገርም አለ። ሲስመርጅ የሚባለው ፕሮግራም ያልተነኩ የኮንፊግ (የሴቲንግ) ፋይሎችን በራሱ ያድሳል። ባለቤቱ የለወጠው ላይ ሲደርስ፣ አዲሱ ዲፎልት ከቀድሞው ዲፎልት ከተለየ ልዩነቱን አሳይቶ ይጠይቃል። ካልተለየ ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ «ለዛሬ ብቻ» ተብሎ የተከፈተ የሩት መግቢያ ከ10 አፕግሬድ በኋላም ወለል ብሎ ሊገኝ ይችላል።