በረንዳ ላይ የአትክልት ቦታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም በረንዳቸውን ልምላሜ ለማልበስ የተነሱ ብዙ ሰዎች በሁለት ወር ውስጥ ይሰለቻሉ። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእጃቸው ሳይሆን የሰሙት ምክር ነው። ምክር ደግሞ ከጎረቤትም ከዩቲዩብም ይጎርፋል።

“ቦታው ጠባብ ስለሆነ ዕቃውም ትንንሽ ይሁን”

ተቃራኒው ነው። ትንሽ ጣሳ ውስጥ ያለ አፈር የበጋ ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ይደርቃል፤ ሥሩም መሄጃ ያጣል። ለዓይንም ቢሆን ከአሥር ጣሳ ሁለት ሦስት ትልልቅ ዕቃ ይሻላል። አንዱ ላይ ረዘም ያለ ተክል፣ ከአጠገቡ ወደ ታች የሚንዠረገግ ነገር ይኑር። ክብደቱን ግን እንዳትንቁት። 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ እርጥብ አፈር ከ30 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ግድግዳው ጥግ ወለል ላይ አስቀምጡት እንጂ የበረንዳው ብረት ላይ አታንጠልጥሉት። ታች ሰው ያልፋል።

“ዕቃው ታች ጠጠር ከተደረገ ውሃው ይወርዳል”

ይሄ የማይነገርበት ቤት የለም። ግን ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ዝም ብሎ አያልፍም፤ አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆያል። ስለዚህ የጠጠሩ ሥራ ጭቃውን ወደ ተክሉ ሥር ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ቀዳዳ ነው። ጀሪካኑንም፣ ባልዲውንም፣ የዘይት ቆርቆሮውንም ታቹን በሚስማር ብሱት። አፈሩ መረሬ ከሆነ ደግሞ ብቻውን አይሆንም፤ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት በብዛት ቀላቅሉበት።

“ወደ ደቡብ የማይዞር በረንዳ ፀሐይ አያገኝም”

ይህ ለአውሮፓ የሚሠራ ምክር ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። ስለዚህ ሰሜን የሚያይ በረንዳ ግንቦት ላይ ፀሐይ ይገባዋል፣ ታኅሣሥ ላይ ጥላ ይውላል። ክረምቱ ደመና መሆኑን አትርሱ እንጂ። ጥላ ለሚበዛበት ጥግ ናና ትስማማለች፤ ሰላጣና ቆስጣም ግማሽ ቀን ፀሐይ ይበቃቸዋል። በሶብላ፣ ጠጅ ሳርና ጤና አዳም ግን ያለ ፀሐይ ይመነምናሉ።

“በየቀኑ ውሃ ማጠጣት ግዴታ ነው”

ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ጤና አዳምንና የጥብስ ቅጠልን የሚገድላቸው ከጥማት ይልቅ የውሃ ብዛት ነው። ክረምት ሲገባ ዝናብ ወደማይመታበት ጥግ ሳቧቸው።

“የቡና አተላ ምርጥ ማዳበሪያ ነው”

ኮምፖስት ውስጥ ሲገባ፣ አዎ። እንዳለ ችግኝ ላይ ሲቆለል ግን እድገቱን ያቀጭጨዋል።

“በሶብላ ሲያብብ አበባው ይቀጠፍ”

ቅጠሉን ብቻ ለሚበላ ሰው ልክ ነው። እኛ ግን ለበርበሬና ለሽሮ የምንፈልገው አበባውንም ጭምር ነው። ያብብ! ንቦችም ይመጣሉ።

“ውበት የሚመጣው ከጌጥ ነው”

ቀለም የተቀባ ጎማ አንድ ሲሆን ፈገግ ያሰኛል፤ አምስት ሲሆን በረንዳው ጎሚስታ ቤት ይሆናል። እኔ አንድ የሚያስገርም ነገር ይበቃል ባይ ነኝ። ለምሳሌ የተሰነጠቀ እንስራ በጎኑ አጋድማችሁ አፈር ሙሉበትና ከአፉ ተክል ይፍሰስ። ሌላውን ለሽታ ተዉት። ጠጅ ሳሩን መተላለፊያው አጠገብ ብታደርጉት፣ ባለፋችሁ ቁጥር ቅጠሉን አሸት አድርጋችሁ ማሽተት ነው። ጤና አዳሙን ግን ልጆች ከሚነካኩበት አርቁት። ለቡና አንድ ቅጠል መቅጠፍ ምንም አይደለም፤ ብዙ ስትከረክሙ ግን ጓንት አድርጉ። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው እንደ ቃጠሎ ውሃ ሊያስቋጥር ይችላል።