«ከፍለውናልና ሕጋዊ ነው»? የትርፍ ሰዓት ገደብና የሴቶች የአእምሮ ጤና

ትርፍ ሰዓት ስለተከፈለበት ብቻ ሕጋዊ አይሆንም። ክፍያውና ፈቃዱ ለየቅል ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፉ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም፤ ያውም እንደ አደጋ፣ አስቸኳይ ሥራ ወይም የቀረ ሠራተኛን መተካት ያለ ምክንያት ሲኖር ነው። ዓመቱን ሙሉ በየምሽቱ «ትርፍ» የሚያሠራ ፋብሪካ ሕጉን እየጣሰ ነው።

ሒሳቡን እንየው። ደመወዟ 6,240 ብር የሆነ የልብስ ስፌት ሠራተኛ፣ ለ208 ሰዓት (26 ቀን በ8) ሲካፈል፣ የሰዓቷ ዋጋ 30 ብር ነው። አንዱ የትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ 45 ብር፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 52.50፣ በሳምንት ዕረፍቷ 60፣ በሕዝብ በዓል 75 ብር ይታሰባል። ነፍሰ ጡርን ግን ትርፍ ሰዓትም ሆነ ሌሊት ማሠራት ክልክል ነው።

48 እና 12 ሲደመር 60 ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፦ በ2019 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ የወጣ ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሴቶች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ የድብርት ምልክት እንደሚበዛባቸው አሳይቷል። ሕጉ የፈቀደው ሁሉ ለጤና ይስማማል ማለት አይደለም። ከማሽኑ የተነሳችው ሴት ቤት ስትገባ ደግሞ ሊጡና የልጁ ልብስ ይጠብቋታል፤ የሚቀነሰው እንቅልፏ ነው።

የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር ጻፊ። እንቅልፍ ማጣት፣ ማልቀስ ወይም ተስፋ መቁረጥ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ የሥራ ሰዓትሽንም ለሐኪሙ ንገሪ።