«ድርቅ ይቋቋማል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ችግኝ ሻጩ «ይሄ ድርቅ ይቋቋማል» ሲልዎ ውኃ አይፈልግም ማለቱ አይደለም። ሥሩ እርጥበት ያለበት ጥልቀት እስኪደርስ ድረስ እንደማንኛውም ችግኝ ይጠማል። በመጀመሪያዎቹ በጋዎች ካላጠጡት ይደርቃል። ያኔ ዛፉን መውቀስ የለም።

ሥር ከሰደደ በኋላ ግን እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ዘዴ አለው። እኔን በጣም የሚገርመኝ ትግራይ ውስጥ ሞሞና የሚሉት የግራር ዘመድ ነው። ክረምት ሁሉም ሲለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በጋ ላይ መልሶ ያቆጠቁጣል። ግራ ያጋባል አይደል? ለገበሬው ግን ሲሳይ ነው። ሰብሉ በሚያድግበት ወቅት ጥላ አይጥልበትም። የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል። ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትሮጅን ከአየር ወስደው ዛፉን ይመግቡታል። መኖ በሚጠፋበት በጋ ፍሬው ለከብት ይሆናል።

ጠንካራ ሁሉ ወዳጅ ነው ማለት ግን አይደለም። ከውጭ መጥቶ አፋር ላይ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ ድርቁን በደንብ ችሎታል፤ ችግሩ የግጦሹንም መሬት መውረሱ ነው። ከብቶች ፍሬውን ይበላሉ፣ ዘሩንም በፋንድያቸው በየሄዱበት ይዘሩታል።