የወረርሽኝ ድካም ምንድን ነው?

ኮሮና የገባ ሰሞን እጃችንን ስንታጠብ ሰከንድ እንቆጥር ነበር። የበር እጀታ በክርን ነበር የምንገፋው። ከወራት በኋላ ግን ቫይረሱ እዚያው እያለ ማስኩ አገጭ ላይ ወረደ። ሳኒታይዘሩም ቦርሳ ውስጥ ተረሳ። ሰው ምን ነካው?

የነካው ነገር ስም አለው፤ የወረርሽኝ ድካም ይባላል። ራስን ለመጠበቅ የነበረን ተነሳሽነት ቀስ በቀስ ሲሟጠጥ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጨረሻ ወራት ስለዚሁ ሰነድ አውጥቷል። ሰነዱ እንደሚለው ድካሙ ለተራዘመ ችግር የሚጠበቅ፣ ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው።

ስለዚህ ስንፍና ወይም ግዴለሽነት ሲሉት ቅር ይለኛል። አደጋ ሲመጣ ሰውነታችን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ ሮጦ ለማምለጥ ጥሩ ነው። ቫይረስ ግን አይታይም፤ መቼ እንደሚሄድም አይታወቅም። ማንቂያው እንደበራ ወራት ያልፋሉ። ያኔ እንቅልፍ ይሸሻል። ምን ልንወስድ እንደገባን ጠፍቶን ክፍል መሃል እንገተራለን። በትንሹም በትልቁም ቱግ እንላለን።

ፍርሃትም ይለመዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የሟቾች ቁጥር ሲነገር ሁሉም ጸጥ ይል ነበር። በኋላ ዜናው እየተነበበ ወሬው ይቀጥላል። ደግሞ የጥንቃቄው ዋጋ በየቀኑ ይሰማናል፤ ጆሮ ጀርባ የሚያሳክከው የማስክ ክር፣ ያልተጠየቀች እናት። ጥቅሙ ግን አይታይም። ያልያዘንን በሽታ ማን ያየዋል?

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ድካሙ በራሱ የአእምሮ ሕመም አይደለም። ጭንቀትና ድባቴ ሌላ ናቸው። እነሱም በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ እንደጨመሩ ድርጅቱ በ2022 አስታውቋል። የደከመው ሰው ወዳጁን ሲያገኝ ፊቱ ይፈካል። ምንም ነገር ደስ ካላለው፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎቱ ተዛብቶ ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ባለሙያ ያማክር። መሞትን ካሰበ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅም።

ለደከመ ሰው ቁጣ አይበጀውም። ከዚያ ሰነድ ምክሮች የምወደው፣ የሰዎችን መከራ እወቁላቸው፣ አደጋውን እየቀነሱ እንዲኖሩም መንገድ አሳዩአቸው የሚለውን ነው። «አትገናኙ!» ብቻ ሲባል የሰለቸው ሰው ተደብቆ ይገናኛል። «ደጅ ሁኑ፣ ካልሆነም መስኮቱን ክፈቱ፣ ጥቂት ሁኑ» ሲባል ግን የሚችለው ነገር ስለሆነ ይሞክረዋል።